«ልጄ ታመጣዋለች»

ሮዝሊን ብሮድናክስ ደብዳቤውን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከከተተች ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከዚያ ወዲህ ከራንዴል ሜይስ አንድ ቃል አልመጣም። ስልክ የለ፣ ብጣሽ ወረቀት የለ። ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንገቱን ሰበር ያደርግና፣ አንዳች ነገር እንደረሳ ሰው ዞሮ ይሄዳል። ያንን ሁሉ ቁመትና ያንን ሁሉ ትከሻ ተሸክሞ ከአንዲት ልጅ መሸሽ አያሳፍርም? መሸሹንስ ይችልበታል። ሞላላዋን ኳስ ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ አሥራ አንድ ሰው እያሳደደው፣ ማንም ሳይነካው መሮጥ ነው ስሙን ያስጠራው። በመላው ሚሲሲፒ እንደሱ የሚሮጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም ብለው ጋዜጦቹ ከጻፉ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ነገ ረቡዕ ነው። ጠዋት በአራት ሰዓት ራንዴል በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም፣ ሕዝብ ፊት ተቀምጦ፣ ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚጫወት ይፈርማል። ቶሊቨር ከተማ ውስጥ ግን ይሄ ጥያቄ ሆኖ የሚያስጨንቀው ሰው የለም። ስቴት ነዋ፤ የገዛ ግዛታቸው ዩኒቨርሲቲ እያለ ልጁ የት ሊሄድ ነው? ፀጉር አስተካካዩም፣ ፓስተሩም፣ ነዳጅ ቀጂውም ነገሩን ጨርሰውታል።

ከሁሉ በላይ የጨረሰው የሮዝሊን አባት ነው። ሚስተር ሉሺየስ ብሮድናክስ የከተማው ቀብር አስፈጻሚ ነው፤ የቶሊቨርን ጥቁር ሕዝብ እኩሌታ በገዛ እጁ አፈር አልብሷል። ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ጡብ ቤት ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ እንዳብረቀረቀ ነው። በወጣትነቱ የስቴትን ቀይ ማሊያ ከለበሱት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥቁር ልጆች አንዱ ነበር። ጉልበቱ ባይሰበር ኖሮ፣ ባይሰበር ኖሮ እያለ ሠላሳ ዓመት ኖረ። እግዜር ደግሞ ወንድ ልጅ አልሰጠውም።

ሮዝሊንና ራንዴልን ያገናኛቸውም ቀብር ነው። ራንዴል ቅዳሜ ቅዳሜ ሬሳ ሣጥን ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሮዝሊን ደግሞ ኦርጋን ትጫወታለች። ሰው ሲያለቅስ እነሱ ይተያያሉ፤ ነውር ነው፣ ግን ምን ይደረግ። ያኔ ሚስተር ብሮድናክስ ራንዴልን በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር። እናቱ ሚስ ኤርነስቲን አምባዛ ፋብሪካ ቆማ ዓሣ የምትበልት ሴት ናት። የአምባዛ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ በዚያ ጡብ ቤት ሳሎን ሲቀመጥ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ከዚያ ባለፈው መስከረም የየዩኒቨርሲቲው ተጫዋች መልማዮች ቶሊቨርን ማጨናነቅ ጀመሩ። ሚስተር ብሮድናክስም በአንድ ሳምንት ሌላ ሰው ሆነ። ራንዴልን እሁድ ምሳ ጠራው። ከሮዝሊን ጎን አስቀመጠው። የመኪናውን ቁልፍ ሳትለምነው አውጥቶ እየሰጣት፣ «ልጁን ወደ ቤቱ አድርሺው፣ ቀስ ብለሽ ንጂ» ይላት ጀመር። ሮዝሊን መጀመሪያ በደስታ አበደች። ኋላ ግን ነገሩ ገባት፤ አንዴ ከገባት በኋላ ደግሞ የእሁዱ ምሳ አስጠላት።

ገና ካለፈ በኋላ ራንዴል ድንገት ሥራውንም ምሳውንም ተወ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እሷ ግን ያኔውኑ ብዕር አነሳችና በዚያ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ለእኔ ብለህ ስቴት እንዳትፈርም። ነገ ያለ መልስ ስቴት ከፈረመ፣ ሮዝሊን ለእሱ ከአባቷ የተላከች መደለያ ሆና ትቀራለች። እንደዚያ ሆና ደግሞ አጠገቡ መቆም አትችልም፤ ብትወደውም አትችልም።

ሃያ ሦስት ቀን በቃ አለች። የአባቷን መኪና አስነስታ ወደ ራንዴል ቤት ሄደች።

* * *

በሩን የከፈተችላት ሚስ ኤርነስቲን ናት። ከፋብሪካ ገና መግባቷ ነው፤ የጎማ ቦት ጫማዋን በረንዳው ላይ አቁማዋለች።

«እንዴት ዋሉ፣ ሚስ ኤርነስቲን። ራንዴል አለ?»

«አለ፣ ሸሚዝ ይተኩሳል። ነገ ሊያገባ ነው የሚመስለው። ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ገባ።»

ራንዴል ኩሽናው ውስጥ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ነበር። ካውያው መዳፉ ውስጥ ጠፍቷል። ሮዝሊንን ሲያያት ቀና አለ፣ ግን ዓይኑን ሸሚዙ ላይ መለሰው። እዚህስ የሚሸሽበት ኮሪደር የለም።

«አልቀመጥም» አለች፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት። «ደብዳቤዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የምን ደብዳቤ?»

«ራንዴል፣ አታሹፍብኝ። መልስ ከሌለህ እሺ፣ አልለምንህም። ግን በእጄ የጻፍኩት ነገር እዚህ ቤት እንዲቀር አልፈልግም።»

«ከአንቺ ምንም ደብዳቤ አልደረሰኝም።»

«ጥር መግቢያ ላይ ነው የላክሁት። ስምህን ጽፌ፣ አድራሻህን ጽፌ።»

«ሮዝሊን፣ እማዬ ትሙት አልደረሰኝም።»

«እኔን አትግደለኝ» አለች ሚስ ኤርነስቲን ከምድጃው በኩል። «ቆይ እስቲ። በምን ፖስታ ነው የላክሽው?»

ሮዝሊን ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። ፖስታ ፍለጋ የገባችው አባቷ ቢሮ ነበር። ያገኘችውን አነሳች። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ወሬኛ ናት፣ ይሄኛውን ብታየው እንኳ አትጠረጥርም ብላ በገዛ ብልጠቷ ደስ ብሏት ነበር።

«አባዬ ጠረጴዛ ላይ ካለው» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «የስቴት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ፖስታ ነው። አርማቸው፣ ቀዩ ጭልፊት ያለበት።»

ሚስ ኤርነስቲን ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«የኔ ልጅ፣ ያ ጭልፊት በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ነው እዚህ ቤት የሚያርፈው። ከነሐሴ ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም። እኔ እንዲያውም ገሚሱን ከሰል ማቀጣጠያ አድርጌዋለሁ።»

ራንዴል ካውያውን አስቀመጠ። መኝታ ቤቱ ገብቶ ከአልጋው ሥር ሦስት የዓሣ ካርቶን እየጎተተ አመጣና ወለሉ ላይ ገለበጣቸው። የፖስታ ጎርፍ ነው። ቀይ ጭልፊት በቀይ ጭልፊት ላይ፣ አልፎ አልፎ ሰማያዊ፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ። ሦስቱም ተንበረከኩ።

ሮዝሊን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ተቃጥሎስ ከሆነ? ያንን ሁሉ ነገር አሁን በአፏ ልትለው ነው? በአፍማ አይወጣትም፤ በአፍ የሚወጣት ቢሆን መቼ ትጽፈው ነበር።

ሚስ ኤርነስቲን በበኩሏ ፍለጋውን ረስታ አንዱን ቀድዳ ማንበብ ጀምራለች። «ውድ ራንዴል፣ ትናንት ከባለቤቴ ጋር እራት ስንበላ ስለ አንተ ብቻ ስናወራ አመሸን።» ሌላ ቀደደች። «ይሄኛውም ከባለቤቱ ጋር ስለ አንተ ሲያወራ ነው ያመሸው። እነዚህ ሰዎች ከሚስቶቻቸው ጋር ሌላ ወሬ የላቸውም?»

«እማዬ፣ ፈልጊ እንጂ።»

«እየፈለግሁ ነው። ከአዮዋ የመጣው አሰልጣኝ ብቻ ነው ሰው የሚመስለው። ሃልቮርሰን። ሁለት ሳህን በላልኝ፣ ከዚያ ዓይኔን እያየ 'ልጅሽ የመጀመሪያውን ዓመት ተቀምጦ ያያል፣ አይጫወትም' አለኝ። ሌሎቹ ሁሉ ገና ሳይገባ ንጉሥ አደረጉት።»

ራንዴል አልሰማትም። አንዱን ፖስታ ይዞ ቀርቷል። የሌሎቹ አድራሻ በማሽን የታተመ ነው፤ ይሄኛው በሰማያዊ ቀለም፣ በእጅ ነው የተጻፈው። ለማንም ምንም ሳይል ተነሳና በረንዳው ላይ ወጣ።

ሮዝሊን በመስኮቱ ጀርባውን ታየዋለች። የሚያነበውን ቃል በቃል ታውቀዋለች።

«ራንዴል፣ አባዬ ድሮ 'የሜይስ ልጅ' ነበር የሚልህ። አሁን ከእኔ ጎን ያስቀምጥሃል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ፈራሁ። ለእኔ ብለህ ስቴት እንዳትፈርም። ብትፈርም ሰው ሁሉ 'ሮዝሊን አስፈረመችው' ይላል። እኔም አንድ ቀን ስትቆጣ ዓይንህ ውስጥ ያንኑ አየዋለሁ። እኔ ባልፈጠር ኖሮ የምትሄድበት ሂድ። ሩቅም ቢሆን ሂድ። እዚያም ሆነህ እወድሃለሁ።»

ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ሚስ ኤርነስቲን ልጇን አየችው፣ ከዚያ የሆነ ነገር ከጓሮ ትዝ እንዳላት ሆና ወጣች።

«ቅዳሜ ነበር» አለ ራንዴል። «ገና ባለፈ በሳምንቱ። ከጀርባ የሬሳ መኪናውን እያጠብኩ ነው። አባትሽ ከሁለት የስቴት ሰዎች ጋር ቢሮው ቆሞ፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ሰዎቹ 'ልጁ ሌላ ቦታ እያየ ነው አሉ' አሉት። እሱ ሳቀ። 'አትስጉ፣ ሮዝሊን እያለች የት ይሄዳል? ልጄ ታመጣዋለች' አለ።»

ሮዝሊን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷ ጋለ። አባቷ የሚያስበውን ገምታ ነበር፤ ነገር ግን መገመት ሌላ፣ በጆሮ መስማት ሌላ ሆነባት።

«አንተም አመንክ» አለች።

«ምን ላድርግ? ያን ሁሉ ጊዜ ሳሎናችሁ ውስጥ የተቀመጥኩት... በሳቅሽ ቁጥር፣ በመኪና ባደረስሽኝ ቁጥር፣ ሁሉ የታዘዘ መሰለኝ። ሂሳቡን እየሠራሁ ማታ ማታ...» አልጨረሰውም። «ሰኞ ዕለት ምን ብዬ እንደወሰንኩ ልንገርሽ? ሁሉም ነገር ገበያ ከሆነ እኔም ልሸጥ ብዬ፣ ስቴት ፈርሜ ልገላገል። አባትሽ እማዬንም ከዓሣው አውጥቶ ቢሮ ሊያስቀምጣት ቃል ገብቷል። ነገ ልፈርም ነበር።»

«ራንዴል፣ እኔን እይ። የታዘዘ ነገር የለም። ገና አባዬ ስምህን ሳያውቅ ነው የወደድኩህ። ያኔ በሚስተር ክሎቪስ ቀብር ላይ፣ ሣጥኑ ከብዷችሁ አራታችሁም ስትንገዳገዱ፣ አንተ ብቻ ለባልቴቷ ቀስ ብለህ 'አይዞዎት፣ አንጥለውም' አልካት። ኖታው ጠፍቶብኝ ሌላ መዝሙር ተጫወትኩ። ያን ቀን ማን አዘዘኝ?»

ራንዴል ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ከወንበሯ ፊት ለፊት ተንበረከከ። ተንበርክኮም ቁመቱ ከእሷ እኩል ነው። ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፣ እሷም አንገቱን ያዘችው። ልቡ በሸሚዙ በኩል ሲመታ ይሰማታል።

«ነገስ?» አለችው ቆይታ።

«ነገን አትጠይቂኝ። አንቺ በጽሑፍ ጠይቀሽኛል። እኔ ጽሕፈት አይሆንልኝም፤ መልሱን ሰው ባለበት ልስጥሽ።»

ወደ ቤቷ ስትነዳ መልሱን አታውቅም ነበር። ቢሆንም ግማሹ ሸክም ከላይዋ ወርዷል፤ ቢያንስ እንደሚወዳት አውቃለች። የቀረው ግማሽ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ነጋ።

* * *

ጂምናዚየሙ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ወጉ ሦስት ኮፍያ ተደርድሯል፤ የስቴት ቀይ፣ የቴኔሲው ሰማያዊ፣ የአዮዋው አረንጓዴ። ልጁ የመረጠውን አንስቶ ራሱ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ይፈርማል፣ ወላጁ ይፈርማል፣ ወረቀቱ በፋክስ ይሄዳል። ሚስተር ብሮድናክስ ቀይ ክራባት አስሮ ከፊት ተቀምጧል። በቀይ ክሬም የተሸፈነ ትልቅ ኬክ አሠርቶ ማምጣቱንም ሁሉም አይቷል። ሮዝሊን ከጎኑ ናት፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

እንዲህ ያለ ቀን አንዳንዱ ልጅ እጁን ወደ አንዱ ኮፍያ ይሰድና ይመልሳል፣ ሰው ይጮሃል፣ ወደ ሌላው ይሰድዳል። ራንዴል እንደዚያ ያለ ጨዋታ አያውቅበትም። ወጥቶ ተቀመጠ፣ እናቱ ከጎኑ ተቀመጠች፣ እጁን ዘረጋና አረንጓዴውን አነሳ።

ከአዳራሹ ኋላ አንድ ሰው «አይ...» ሲል ብቻ ተሰማ። የሮዝሊን እንባ ዱብ ዱብ አለ፣ ልታቆመው ብትሞክር አልቆም አላት። ከኋላዋ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መሪ መሐረባቸውን አቀበሏት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሩቅ ነው፣ ግን ይጽፍልሻል» አሏት። ሮዝሊን በመሐረቡ ውስጥ ሳቋ እንዳይታይ አፏን ሸፈነች።

የጋዜጣው ሰው ማይክሮፎን አስጠጋ። «ራንዴል፣ መላው ሚሲሲፒ ሲጠብቅህ፣ ለምን አዮዋ?»

«አሰልጣኙ መጀመሪያ ዓመት እንደማልጫወት ለእናቴ ነገራት። ከመጡት ሁሉ እውነት የነገራት እሱ ብቻ ነው።»

«በቃ? ሌላ ምክንያት የለም?»

«አለ። እሱ ግን የጋዜጣ አይደለም፣ ሰር።»

ራንዴል ፈረመ፤ ሚስ ኤርነስቲንም ስሟን በረጅሙ ፈረመች። ራንዴል ከመድረኩ ወረደ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ግማሹ ተቆጥቷል፣ ግማሹ ገና አላመነም። እሱ ቀጥ ብሎ ወደ ፊተኛው መደዳ መጣና ሚስተር ብሮድናክስ ፊት ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

ሚስተር ብሮድናክስ ቀና ብሎ አየው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያረጀ ይመስላል። «ለምን፣ ልጄ?» አለው ዝግ ባለ ድምፅ። «ምን አጎደልኩብህ?»

«ምንም አላጎደሉም፣ ሰር። የሆነ ቀን የሬሳ መኪናውን ሳጥብ የቢሮዎ መስኮት ክፍት ነበር። 'ልጄ ታመጣዋለች' ሲሉ ሰማሁ።»

ሚስተር ብሮድናክስ ዓይኑን ወደ ሮዝሊን አዞረ። መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ጫፍ ያብሰው ጀመር።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባዬ።»

«ስቴት ብሄድ» አለ ራንዴል፣ «እርስዎ ሮዝሊንን ሰጥተው እኔን የወሰዱ ይመስል ነበር። እርስዎም እንደዚያ ያስቡ ነበር፣ እኔም ሳልወድ አስብ ነበር። አሁን ግን ያቀረቡልኝን አልወሰድኩም፣ እኔም የምሰጥዎ የለኝም። እኔን ሸኝቶ የሚጠቀም ሰው እዚህ የለም። ስለዚህ አሁን ልጠይቅዎት እችላለሁ። ቅዳሜ ሮዝሊንን ይዤያት ብወጣ ይፈቅዱልኛል?»

በዙሪያቸው ያለው ሰው ወሬውን አቋርጧል። ሮዝሊን አባቷን ታየዋለች። አባቷ እምቢ ቢል ራንዴል እንደማይከራከረው ታውቃለች፤ በጨዋ ደንብ ጠይቋል፣ በጨዋ ደንብ ይመለሳል። አባቷ መነጽሩን አጥርቶ ጨረሰ፣ ዓይኑ ላይ አደረገው፣ እና ራንዴልን የሚያይ ሳይሆን የድሮ ፎቶ የሚያይ በሚመስል አስተያየት አየው።

«እኔ በዕድሜህ» አለ፣ «ስቴት ልጫወት ስሄድ ለማንም ቢሆን እንዲህ ቆሜ የመናገር ወኔ አልነበረኝም።» ወደ ሮዝሊን ዞረ። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ቤት ገብተን እናወራለን፤ ስድብሽንም እቀበላለሁ።»

«አልሳደብም፣ አባዬ።»

«ትሳደቢያለሽ፣ አውቅሻለሁ።» ተነሳና እጁን ለራንዴል ዘረጋ። «ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ና። ያንን አረንጓዴ ነገር ግን አድርገህ እንዳትመጣብኝ፤ ሐኪሙ ደም ግፊትህን ጠብቅ ብሎኛል።»

«እሺ፣ ሰር።»

ሰው ሳቀ፤ የተቆጣውም ሳይወድ ሳቀ። ሚስ ኤርነስቲን ከመድረኩ ሥር ቢላ ፈልጋ ኬኩን መቁረስ ጀመረች፤ ቀይም ሆነ አረንጓዴ፣ ኬክ ኬክ ነው እያለች።

ሮዝሊን ከመቀመጫዋ ተነሳች። ነሐሴ ሲመጣ ራንዴል የአሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቋት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ያኔ የምታለቅሰውም ለቅሶ ሌላ ነው። ዛሬ ግን ከተማው ሁሉ እያየ ሄዳ እጁን ያዘችውና፣ ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።